የሚንኳኳ የሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬን፦ መንስኤውን መለየትና ማስተካከል

የሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬን በጉዞ ላይ ሲንኳኳ ወይም ሲንቀጫቀጭ ባለንብረቶች ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ይፈጽማሉ። አንዳንዶቹ ፍሬኑ እስከያዘ ድረስ ድምፁ አያሳስብም ብለው ይተዉታል። ሌሎቹ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳይለዩ ድምፁን ብቻ ለማጥፋት ይሞክራሉ። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። የፍሬን ድምፅ የአንድ አካል መላላት፣ ማለቅ ወይም መሰበር ምልክት በመሆኑ ምልክቱን ማጥፋት ጉድለቱን ማስወገድ ማለት አይደለም። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በአካባቢያቸው በሞተር ብስክሌት የሚገለገሉ ዜጎች የድምፁን መንስኤ በቅደም ተከተል እንዲለዩ፣ በራሳቸው ሊያስተካክሉት የሚችሉትን እንዲያስተካክሉና ወደ ባለሙያ መሄድ የሚገባውን እንዲያውቁ ለመርዳት ነው።

1. ጉዳዩ በሰሜን ሸዋ ልዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋና መንገድ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ያደርሳል። በምሥራቅ በኩልም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮበር በተራራው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው።

በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን የሚሸከመው ሥራ በሜዳ ላይ ከሚሸከመው እጅግ ይበልጣል። ለምሳሌ አሽከርካሪውንና ተሳፋሪውን ጨምሮ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት 1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል፣ ያንኑ ሞተር በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 70 ጊዜ ያህል አስቁሞ ከሚወጣው ኃይል ጋር ይስተካከላል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በሞተሩ መጎተትና በነፋስ ግፊት ይያዛል፤ የቀረው ግን በሙሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬኑ ላይ ያርፋል።

በተጨማሪም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱ የጠጠርና የድንጋይ መንገዶች በማያቋርጥ ንዝረት ቡሎኖችን ያላላሉ። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ደግሞ ወደ ፍሬኑ ተንሸራታች ክፍሎች ገብተው ይበሏቸዋል። በደረቅ መንገድ ከመቆሚያው ኃይል አብዛኛውን የሚሰጠው የፊት ፍሬን በመሆኑ፣ በፊት በኩል የሚሰማ ድምፅ ከኋላው ይበልጥ በፍጥነት መታየት ይኖርበታል።

2. የፊት ፍሬን አሠራር በአጭሩ

በአገራችን በብዛት የሚታዩ ሞተር ብስክሌቶች ሁለት ዓይነት የፊት ፍሬን አላቸው።

ባለ ዲስክ ፍሬን፦ እጀታው ሲጫን የፍሬን ዘይት በቱቦ አልፎ ፒስቶኑን ይገፋል። ፒስቶኑ በካሊፐሩ ውስጥ የተቀመጡትን ሁለት ሸራዎች ከዲስኩ ግራና ቀኝ ያጣብቃል። በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች ላይ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት ሲሆን፣ ሸራዎቹ በቦታቸው እንዳይንቀጫቀጩ የሚይዛቸው ስስ የብረት ሞላ አለ።

ባለ ታምቡር ፍሬን፦ እጀታው በካቦ አማካይነት በጎማው መሃል ያለውን ትንሽ ክንድ ይስባል። ክንዱ በታምቡሩ ውስጥ ያሉትን ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ጫማዎች ይከፍታቸዋል። እጀታው ሲለቀቅ መላሽ ሞላዎች ጫማዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። ጫማዎቹን የተሸከመው ክዳን ከጎማው ጋር እንዳይዞር ከፊት ሹካው ጋር በማቆሚያ ጥርስ ይያያዛል።

በሁለቱም ዓይነት ለሥራው የሚያስፈልግ ጥቂት ክፍተት መኖሩ የታወቀ ነው። ጉድለት የሚሆነው ክፍተቱ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ክፍተቱን የሚይዘው ሞላ ሲዳከም ነው።

3. የድምፁ ዓይነት ምን ያመለክታል?

- በኮረኮንች መንገድ የሚሰማ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ቀላል መንቀጫቀጭ፦ የሸራ መያዣ ሞላ መዳከም ወይም መጥፋት፣ የካሊፐር ፒኖች መበላት።
- ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የማይለወጥ መንኳኳት፦ የፓራፋንጎ፣ የመብራት ማቀፊያ ወይም የሌላ አካል መላላት።
- ፍሬን በተያዘ ቅጽበት አንድ ጊዜ «ኳ» የሚል ድምፅ፦ የመሪ አንገት ኩሽኔታ መላላት፣ የፊት ሹካው መበላት ወይም የካሊፐር ማሰሪያ ቡሎን መላላት።
- ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ፦ የሸራ ማለቅ። ሞተሩ ወዲያውኑ መቆም አለበት።
- በእጀታው ላይ የሚሰማ የልብ ምት የመሰለ መምታት፦ የዲስክ መጣመም ወይም የታምቡር ክብነት መዛባት።
- ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ብቻ የሚሰማ የመፋቅ ድምፅ፦ በአብዛኛው ሌሊት በጤዛ ወይም በውርጭ ዲስኩ ላይ የተፈጠረ ስስ ዝገት። በደብረ ብርሃን ብርድ የተለመደ ሲሆን ወዲያው ከጠፋ ጉድለት አይደለም።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ምርመራው ሞተሩ ጠፍቶና ፍሬኑ ቀዝቅዞ፣ በሜዳማና ጠንካራ መሬት ላይ ይከናወናል። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ጤነኛ ዕቃ ያለ አግባብ ከመቀየር ያድናል።

ሀ) የማሰሪያዎች ፍተሻ። ከሁሉ አስቀድሞ ካሊፐሩን ከፊት ሹካው ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖችና የጎማው ዘንግ ዳዶ መታየት አለባቸው። በባለ ታምቡር ሞተር ላይ የክዳኑ ማቆሚያ ጥርስ በሹካው ላይ ካለው መያዣ ጋር በትክክል መግጠሙ ይረጋገጣል። አንድ ቡሎን ከጎደለ ወይም ጥርሱ ካልገጠመ ሞተሩ እስኪጠገን ድረስ አይነዳም። ካሊፐሩ ወይም ክዳኑ ከጎማው ጋር ከዞረ የፊት ጎማው በድንገት ይቆለፋልና።

ለ) የእጅ ፍተሻ። ካሊፐሩ በእጅ ተይዞ ይነቀነቃል። ወደ ጎን ጥቂት መንሸራተቱ የተፈጥሮ አሠራሩ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም በመዞር አቅጣጫ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ግን ፒኖቹ ተበልተዋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ቀጥሎ ፓራፋንጎው፣ የፍሬን ቱቦ ማቀፊያዎች፣ የመብራት ማቀፊያውና የታርጋ ማሰሪያው በየተራ በእጅ መታ መታ ይደረጋሉ። ብዙ ጊዜ የፍሬን ድምፅ የሚመስለው ከእነዚህ የሚመጣ ነው።

ሐ) የመግፋትና የመሳብ ፍተሻ። የፊት ፍሬኑ ተይዞ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ረዳት ሰው ጣቱን በመሪው አንገት መገጣጠሚያ ላይ ያሳርፋል። በጣቱ ስር መንቀሳቀስ ከተሰማው ችግሩ የመሪ አንገት ኩሽኔታ ነው። ከካሊፐሩ አካባቢ ብቻ የሚሰማ በጣም ትንሽ መንቀሳቀስ ሸራዎቹ በቦታቸው ሲደላደሉ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል።

መ) የጎማ ፍተሻ። የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ይቆማል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ወደ ግራና ቀኝ ይነቀነቃል። ከተንቀሳቀሰ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያም ጎማው በእጅ እንዲዞር ተደርጎ የሚፋቅ ወይም በየዙሩ የሚነካ ነገር መኖሩ ይደመጣል።

ሠ) የመለያ ሙከራ። ከ«ሀ» እስከ «መ» ያሉት ጤነኛ ሆነው ከተገኙ፣ ተሽከርካሪና እግረኛ በሌለበት ሜዳ ላይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እየተነዳ ድምፁ ሲሰማ የፊት ፍሬን እጀታው በጣም በቀስታ፣ ፍጥነቱን በማይቀንስ መጠን ይነካል። ድምፁ ከጠፋ መንስኤው በፍሬኑ ውስጥ ነው፤ ቀላሉ ግፊት ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር አገናኝቶ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ነው። ድምፁ ካልተለወጠ መንስኤው ከፍሬኑ ውጭ መፈለግ አለበት። ማሰሪያዎቹ አስቀድመው ሳይታዩ ይህ ሙከራ አይደረግም።

5. ባለ ዲስክ ፍሬንን ማስተካከል

1. ሁለቱ የካሊፐር ቡሎኖች ይፈቱና ካሊፐሩ ከዲስኩ ይወጣል። በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ በገመድ ከሹካው ጋር ይታሰራል። ካሊፐሩ በወጣበት ጊዜ የፍሬን እጀታው አይነካም፤ ፒስቶኑ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል።

2. የሸራ መያዣው ፒን ተነቅሎ ሸራዎቹ ይወጣሉ። ሞላው በየትኛው አቅጣጫ ተቀምጦ እንደነበረ ማስታወስ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። ሸራ ከተቀየረ በኋላ የሚጀምር መንቀጫቀጭ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞላው ተገልብጦ በመግባቱ ወይም ተረስቶ በመቅረቱ ነው።

3. የሸራው ውፍረት ይለካል። አብዛኞቹ ሸራዎች የማለቂያ ምልክት የሚሆን መስመር አላቸው። መስመሩ ከጠፋ ወይም ከብረቱ በላይ የቀረው ሸራ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ሁለቱም ሸራዎች አብረው ይቀየራሉ። አንዱ ሸራ ከሌላው በብዙ ካለቀ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ እየተንሸራተተ እንዳልሆነ ያመለክታል።

4. ተንሸራታች ፒኖቹ ይጸዳሉ። መቦርቦር ወይም መሰርጎድ ካለባቸው ይቀየራሉ። የተቀደደ የጎማ ሽፋንም መለወጥ አለበት፤ ውኃና አቧራ የሚገባው በእርሱ ነው። ፒኖቹ ለፍሬን በተዘጋጀ፣ ሙቀት በሚችልና ጎማ በማይበላ ግሪስ ስስ ተደርገው ይቀባሉ።

5. የላላ፣ የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ሞላ በአዲስ ይተካል። ዋጋው ከሌሎቹ ክፍሎች ሲነጻጸር አነስተኛ ሲሆን፣ በኮረኮንች መንገድ ለሚሰማ መንቀጫቀጭ ብዙ ጊዜ ሙሉ መፍትሔ ይሆናል።

6. ዲስኩ ይመረመራል። አምራቹ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በታች የሳሳ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ዲስክ ይቀየራል እንጂ በመዶሻ አይቃናም።

7. ሁሉም በቦታው ተመልሶ ቡሎኖቹ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት እጀታው ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ይጫናል። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆናል።

6. ባለ ታምቡር ፍሬንን ማስተካከል

1. የእጀታው ነፃ እንቅስቃሴ ይለካል። በብዙ ሞተሮች ላይ በእጀታው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተሩ መመሪያ የተለየ ልክ ካለው እርሱ ይጠበቃል። ከበለጠ በካቦው ማስተካከያ ዳዶ ይስተካከላል። በክዳኑ ላይ ያለው ቀስት የማለቂያ ምልክቱ ላይ ከደረሰ ግን ካቦ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሸራው አልቋል።

2. ጎማው ወጥቶ ክዳኑ ይከፈታል። አቧራው በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይነፋም፤ አሮጌ ሸራዎች ለሳንባ ጎጂ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል።

3. መላሽ ሞላዎቹ ይታያሉ። የተሳበ ወይም የተሰበረ ሞላ ጫማዎቹን ልቅ ያደርጋቸዋል፤ በታምቡር ውስጥ ለሚሰማ ኳኳታ ዋናው መንስኤ ይኸው ነው። ሞላዎቹ በጥንድ ይቀየራሉ።

4. ሸራው ከጫማው ላይ መላቀቁ ወይም መሰንጠቁ ይፈተሻል። የተላቀቀ ሸራ በጫማውና በታምቡሩ መካከል ገብቶ ጎማውን ሊቆልፍ ስለሚችል ለአንድ ጉዞ እንኳ አይታለፍም።

5. ጫማዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ተነቅሎ ይጸዳል፤ ጥቂት ግሪስ ተቀብቶ ትርፉ ይጠረጋል። ሲመለስ የክዳኑ ጥርስ ከሹካው መያዣ ጋር መግጠሙ እንደገና ይረጋገጣል።

7. መፍትሔ የሚመስሉ ነገር ግን አደጋ የሚያስከትሉ ድርጊቶች

- ሸራው ወይም ዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ መቀባት። ድምፁ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ይቀየራል።
- በሞላ ፋንታ ሽቦ፣ ላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ መወተፍ። በሙቀት ቀልጦ ወይም ተሰብሮ በዲስኩና በሸራው መካከል ይገባል።
- ድምፁ እንዲጠፋ ካቦውን ከልክ በላይ ማጥበቅ። ሸራው ሁልጊዜ እየተፋቀ ይግላል፤ በቁልቁለት ላይ ኃይሉን ያጣል።
- በፍሬን ዘይት ቦታ የሞተር ዘይት መጨመር። የውስጥ ጎሚኒዎችን ያብጣል፤ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል።
- የፊት ፍሬኑን ፈትቶ በኋላው ብቻ መንዳት። በቁልቁለት ላይ የኋላው ፍሬን ብቻውን በቂ አይደለም።

8. ከጥገና በኋላ ማረጋገጥ

ሞተሩ ከቆመበት ተገፍቶ ፍሬኑ መያዙና ሲለቀቅ ጎማው በነፃ መዞሩ ይታያል። ከዚያ በሜዳ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ይሞከራል። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ ኃይሉን ስለማይሰጥ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ጊዜ በለስላሳው ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ልምምድ በደብረ ብርሃን ሜዳማ መንገዶች ላይ ይጠናቀቅ እንጂ በጣርማ በር ወይም በአልዩ አምባ ቁልቁለት አይጀመርም። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

የፍሬን ዘይትም አብሮ መታየት አለበት። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲወስድ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እጀታውም ያለ ኃይል እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ ወይም መልኩ ሲጠቁር ከዚያ ቀደም ብሎ መቀየሩ ይመከራል። የሚጨመረው ዘይት በዕቃ መያዣው ክዳን ላይ ከተመለከተው ዓይነት የተለየ መሆን የለበትም።

9. በቁልቁለት ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀየር፣ ሞተሩን ሳያጠፉና ፍሪሲዮን ሳይዙ መውረድ፣ ፍሬንን በተከታታይ ይዞ ከመቆየት ይልቅ በየመሃሉ ይዞ መልቀቅ ፍሬኑ ከልክ በላይ እንዳይግል ያደርጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ጨርሶ ስለሚያስቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል። እጀታው ከተለመደው ይልቅ ወደ ውስጥ መግባት ከጀመረ፣ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም አዲስ ድምፅ ከተሰማ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ፍሬኑ በራሱ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አይደፋም፤ ዲስኩን ያጣምመዋል።

10. የጋራዥ አገልግሎትና የዓመት ምርመራ

የመሪ አንገት ኩሽኔታ፣ የፊት ሹካ፣ የፒስቶን ጎሚኒ እና የፍሬን ቱቦ ሥራ በሠለጠነ መካኒክ እንዲከናወን ይመከራል። ተገልጋዩ ወደ ጋራዥ ሲሄድ «ፍሬኑ ይንኳኳል» ከማለት ይልቅ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ፣ ፍሬን ሲነካ መጥፋት አለመጥፋቱንና በፍተሻው ያገኘውን ቢያስረዳ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስለት አስቀድሞ መጠየቅ፣ አዲሱ ዕቃ ከሞተሩ ዓይነትና ሞዴል ጋር መስማማቱን ማየትና ደረሰኝ መቀበል ይኖርበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለዚህም መብት ደረሰኝ ዋና ማስረጃ ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ምርመራው ግን የዚያን ዕለት ሁኔታ ብቻ የሚያሳይ ነው። በአንድ የክረምት ወር የድንጋይ መንገድ የሚላላ ቡሎን የሚቀጥለውን ዓመት ምርመራ አይጠብቅም። ስለዚህ በአንቀጽ 4 ከ«ሀ» እስከ «መ» የተዘረዘሩት ፍተሻዎች ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ረጅም የቁልቁለት ጉዞ በፊት ቢደረጉ ድምፁ ከመሰማቱ አስቀድሞ ጉድለቱን ለማግኘት ያስችላሉ። ለዚህ የሚበቃው አንድ ረዳት ሰው፣ ጥቂት ቁልፎችና የሩብ ሰዓት ጊዜ ነው።